ጠቀለለ፣ ሸፈነ፣ ከበበ፦ ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ግሶችን አመዛዝኖ ለመምረጥ

በመስከረም መጀመሪያ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው በሱሉልታ በዋናው መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ወላጆች የደብተር መለበጃ ይዘው ሲወጡ ይታያሉ። በዚያው ሰሞን፣ በማስተምርበት የማታ እንግሊዝኛ ክፍል አንድ አባት የልጃቸውን ደብተሮች እንዴት እንደለበዱ በጽሑፍ ሲያስረዱ «ራፕ» የሚለውን ግስ ተጠቀሙ። ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ደብተር እንደ ሠርግ ስጦታ ዙሪያውን የታሸገ፣ ወረቀቱ ካልተቀደደ በቀር የማይገለጥ ደብተር ነው። የተለበደ ደብተር ግን ልባዱ ሳይነካ ይከፈታል፣ ይጻፍበታል፣ ተመልሶም ይዘጋል። ስለዚህ ተስማሚው ግስ «ከቨር» ነበር። ያው መጽሐፍ ለልደት ስጦታ ሲዘጋጅ ግን በእርግጥ «ራፕ» ይደረጋል።

የዚህ ዓይነት መደናገር የሚመጣው አማርኛ ቃል ስላጠረው አይደለም። ጠቀለለ፣ ጠመጠመ፣ ሸፈነ፣ ከደነ፣ ለበደ፣ ለበጠ፣ ጀቦነ፣ ጋረደ፣ ዳፈነ፣ ገነዘ፣ አጠረ፣ ከበበ እያልን ብዙውን በየፈርጁ ለይተን እንናገራለን። ችግሩ የሚጀምረው መዝገበ ቃላት ስንከፍት ነው፤ ከአሥር የማያንሱ የእንግሊዝኛ ግሶች ፊት ለፊት «ሸፈነ» የሚል አንድ ፍቺ ተጽፎ እናገኛለን፣ ከዚያም ሁሉንም እኩል አድርገን፣ መጀመሪያ የተማርነውን «ከቨር»ን በሁሉም ቦታ እናስገባለን። ሁለተኛው የመደናገር ምክንያት «በ» የምትለው መስተዋድድ ናት። በጋቢ፣ በጭቃ፣ በአጥር፣ በጉም፣ በፖሊስ ስንል ሁሉንም አንዲት «በ» ትሸከመዋለች፤ እንግሊዝኛ ግን ይህንን ሥራ «ኢን»፣ «ዊዝ»፣ «ባይ» እና «አራውንድ» ለሚባሉ አራት ቃላት አከፋፍሎታል። ትክክለኛውን ግስ መርጦ የተሳሳተ መስተዋድድ የሚያስከትል ጸሐፊ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሄደው።

እኔ ለምርጫው የምጠቀመው ሦስት ጥያቄዎችን ነው። ሸፋኙ ነገር የሚሸፈነውን ይነካዋል ወይስ ርቆ ይቆማል? የሚመጣው ከላይ ነው፣ ከዙሪያ ነው፣ ወይስ ከሁሉም አቅጣጫ? ሰው ያደረገው ነው ወይስ እንደ ጉምና እንደ እሳት ራሱ ተንቀሳቅሶ የመጣ? መዝገበ ቃላት እነዚህን ልዩነቶች አልፎ አልፎ ቢጠቁምም፣ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ቆሞ ያየ ሰው ግን ከማንኛውም ፍቺ በተሻለ ይረዳቸዋል።

ሊጡ ከመደፋቱ በፊት የኮባ ቅጠል በምጣዱ ላይ ይነጠፋል። ይህ አንድን ዕቃ ከውስጥ በኩል ማልበስ ስለሆነ እንግሊዝኛው «ላይን» ይለዋል፤ በልብስ ሲሆን እኛ ገበር የምንለው ማለት ነው። የቅጠሉ ጫፎች ታጥፈው ሊጡን ሲያለብሱት፣ ገላውን ነክተውና ቅርጹን ተከትለው ስለሚዞሩት «ራፕ» ይሆናል። ከዚያ አክንባሎው ይደፋበታል፤ አክንባሎ ከላይ ይመጣል እንጂ ዙሪያውን አይጠመጠምም፣ ሲፈለግም አንድ ጊዜ ተነሥቶ ይቀመጣል፤ ይህ «ከቨር» ነው። ምጣዱና አክንባሎው ተጋጥመው ሊጡን በመካከላቸው መያዛቸውን ለመናገር የፈለገ «ኢንክሎዝ»ን ይመርጣል። ጭሱ ማድ ቤቱን ሞልቶ ጋጋሪዋን ከሁሉም አቅጣጫ ሲያለብሳት ደግሞ ግሱ «ኢንቬለፕ» ነው። ዳቦው ገና ሳይበስል አምስት ግሶች ተፈልገዋል።

«ራፕ» ሁለት አሠራር አለው፣ ተማሪዎችም በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። እናት ሕፃኑን በጋቢ ስትጠቀልለው፣ ግሱ በመጀመሪያ ተጠቅላዩን፣ ቀጥሎ «ኢን»ን፣ በመጨረሻም ጋቢውን ያስከትላል። አንገት ላይ ሻርፕ ሲጠመጠም ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በመጀመሪያ ሻርፑ፣ ቀጥሎ «አራውንድ»፣ በመጨረሻም አንገቱ ይመጣል። የአማርኛ ጆሮ ይህንን ልዩነት ያውቀዋል፤ ጠቀለለ ስንል የተጠቀለለው ነገር ከዓይን ይሰወራል፣ ጠመጠመ ስንል ግን የተጠመጠመበት ነገር ከላይም ከታችም ይታያል። የቄስ ጥምጣም ራስን ይዞራል እንጂ ቄሱን አይጠቀልልም። ስለዚህ ለ«ጠቀለለ» «ኢን»ን፣ ለ«ጠመጠመ» «አራውንድ»ን መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል። በጽሑፍ ደግሞ የዚህ ግስ የመጀመሪያ ፊደል የማትነበብ መሆኗን ማስታወስ ይገባል፤ ፊደሏን የዘለለ ሰው ስለ መጠቅለል ሳይሆን በር ስለ ማንኳኳት ወይም ስለ ራፕ ሙዚቃ ጽፎ ይገኛል።

በክፍሌ ውስጥ ከአበባ እርሻ ማሸጊያ ክፍል የሚመጡ ሴቶች ስላሉ፣ «ራፕ» የት እንደሚያቆም የተማርኩት ከእነርሱ ነው። ጽጌረዳው በእስር በእስር ከተቆጠረ በኋላ ራስ ራሱ በጎርባጣ ካርቶን ይጠቀለላል፣ ይህ «ራፕ» ነው። ከዚያ ከታች ጠበብ ከላይ ሰፋ ባለ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፤ ፕላስቲኩ አስቀድሞ ተሰፍቶ የተዘጋጀ በመሆኑ የእርሻው ሠራተኞችና የውጭ ገዥዎች የሚሉት «ስሊቭ» ነው፣ የእጅጌ ስም መሆኑም ቅርጹን ይናገራል። በመጨረሻም በካርቶን ሲደረደር «ፓክ» ይባላል። ሁሉንም «ራፕ» ብሎ ለገዥው የጻፈ ሰው፣ ካርቶኑ የቀረ ወይም ስሊቩ ያልገባ እንደሆነ ሊያስጠረጥር ይችላል። በዚሁ በሱሉልታ የሚታሸገው ውሃም፣ ጠርሙሶቹ በጥቅል ሲታሰሩ ፕላስቲኩ በሙቀት ተኮማትሮ ስለሚጣበቅባቸው «ሽሪንክ ራፕ» ይባላል፤ ፕላስቲኩ የጠርሙሶቹን ቅርጽ ይዞ መቅረቱ ለ«ራፕ» የመጀመሪያውን መመዘኛ ያሟላል። በብርድ ጧት «ራፕ አፕ» የሚል ሰው ደግሞ ተጀቦን ማለቱ ነው፤ በስብሰባ መካከል ያው አነጋገር ቢነገር ግን እንጨርስ ማለት ይሆናል።

«ከቨር» ከሁሉም ሰፊው ነው፣ ስለዚህም ከሁሉም ይበልጥ ያለ ቦታው የሚገባ ነው። ምን ያህል እንደሸፈነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ነክቶ ይሁን ሳይነካ አይናገርም፤ ከላይ ወይም ከፊት ለፊት ሆኖ ከዓይን ወይም ከጉዳት የሚከልል ሁሉ «ከቨር» ሊባል ይችላል። በዚህ ግስ ላይ ምርጫው ያለው በመስተዋድዱ ነው። ድስቱን በክዳን፣ አልጋውን በአንሶላ ሲሆን «ዊዝ» ይሆናል፣ ሰው አስቦ ያደረገው ነውና። ክረምት ላይ ገና አስፋልት ካልደረሰው የኮንዶሚኒየም መንደር ተነሥቶ ታክሲ ለመያዝ በእግሩ የወረደ ሰው ጫማው «በጭቃ» ሲሸፈን ግን «ኢን» ይመረጣል፤ ብዛቱና በየቦታው መለጠፉ፣ ማንም ያላሰበበት መሆኑም የሚሰማው በዚህች መስተዋድድ ነው። «ዊዝ» ቢባል ስሕተት ባይሆንም፣ የጫማው ባለቤት ምሬት በከፊል ይጠፋል።

ይህ ግስ «አፕ»ን ሲያስከትል ከአማርኛው «ዳፈነ» ጋር ይገጥማል። ሌሊት ፍሙን በአመድ የምንዳፍነው ሳይጠፋ ከዓይን ተሰውሮ እንዲያድር ነው፤ ጉዳዩ ተዳፈነ ስንልም የተበላሸ ነገር አለ፣ እንዳይታይ ተደርጓል ማለታችን ነው። እንግሊዝኛውም «ከቨር አፕ» ሲል ጥፋትን መደበቅን ያመለክታልና፣ ብርድ ልብስ መልበስን ለመናገር ሲፈልጉ ይህንን ማለት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሁለቱ ቋንቋዎች መገጣጠም በዚህ አያበቃም። የሰዓት እላፊ የምንለው ነገር በእንግሊዝኛ «ከርፊው» ይባላል፤ ቃሉ የመጣው «እሳት ሸፍን» ከሚል የቀድሞ ፈረንሳይኛ ሐረግ ነው፣ በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ከተሞች ማታ ደወል ሲደወል ነዋሪው ቃጠሎ እንዳይነሣ እሳቱን ይዳፍን ነበርና። መሐረብ ማለት የሆነው «ሃንከርቺፍ» ውስጥም «ራስ መሸፈኛ» የሚል ሐረግ ተደብቋል፣ ምንም እንኳ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ቢሆን።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት በገላን በኩል በአንድ የግንባታ ሥፍራ ንብረት ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ ሲሚንቶ የተከማቸበትን ቦታ ሁኔታ በእንግሊዝኛ ጽፌ ውጭ አገር ለሚገኝ አማካሪ እንድልክ ታዘዝኩ። ቦታው በቆርቆሮ የታጠረ ስለነበር «በቆርቆሮ ተሸፍኗል» ለማለት «ከቨርድ» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪው ጣሪያ አለው ብሎ ተረዳ፤ ከሣምንታት በኋላ ዝናብ ሲጀምር ከላይ ሸራ ለመግዛት ያቀረብነው ጥያቄ «የተሸፈነ ቦታ ሸራ ለምን አስፈለገው?» የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። ሲሚንቶው የተወሰነ ኬሻ ያህል ደረቀብን። መጻፍ የነበረብኝ «ኢንክሎዝድ» የሚለውን ነበር፤ ይህ ግስ ዙሪያውን ይዘጋል እንጂ ስለ ላዩ ዋስትና አይሰጥም። ዙሪያውም ላዩም የተዘጋ መሆኑን ለመናገር የፈለገ ሁለቱንም ግሶች አከታትሎ ቢጽፍ፣ ድግግሞሽ ቢመስልም ሲሚንቶውን ያድናል። በአጥር ላይ ብቻ ለማተኮር «ፌንስ» ራሱ ግስ ሆኖ ያገለግላል፤ ሥራው ከአማርኛው «አጠረ» ጋር አንድ ነው።

ወደ ዙሪያ ስንመጣ ሰፊው ግስ «ሰራውንድ» ነው። የዚህ ቃል ታሪክ ያልተጠበቀ ነው፤ ከላቲን የመጣው «በላዩ መፍሰስ፣ ማጥለቅለቅ» ከሚል ትርጉም ነበር፣ በእንግሊዝኛም መጀመሪያ ላይ ስለ ጎርፍ ይነገር ነበር፤ ኋላ ግን የቃሉ መጨረሻ «ራውንድ» ከሚለው ክብን ከሚያመለክት ቃል ጋር በድምፅ ስለተመሳሰለ ትርጉሙ ወደ ዙሪያ ተሳበ። ዛሬ የጎርፉ ትዝታ ጠፍቶ፣ በሁሉም ወገን መገኘት ብቻ ቀርቷል። አዲስ አበባ በሁሉም አቅጣጫ በኦሮሚያ ክልል ተከብባለች ለማለት፣ ወይም ሌሶቶ በደቡብ አፍሪካ ተከብባለች ለማለት «ሰራውንድ»ን «ባይ» ከሚለው መስተዋድድ ጋር እንጠቀማለን። «ዊዝ» የሚገባው አንድ ሰው ሆን ብሎ ዙሪያውን ሲያደራጅ ነው፤ ሰውዬው ራሱን በመጻሕፍት ከበበ እንደማለት። ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ናት ሲባል ግን ከእነዚህ ግሶች አንዱንም አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛው «ላንድሎክድ» ይላል፣ በየብስ የተቆለፈች ማለት ነው፤ ቁልፉን ማስገባቱ የጎደለውን ከእኛ «አልባ» ይልቅ በሌላ በኩል ያሳያል።

«ሰራውንድ» ርቀትን አይገድብም፣ ሙሉ ክብነትንም አያስገድድም። ክቡ ራሱ እንዲታይ ሲፈለግ «ኢንሰርክል» ወይም «ሪንግ» ይመረጣል። ብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በጽድና በወይራ ዛፎች የተከበቡ ናቸው፤ ዛፎቹ ተራርቀው ቀለበት ሠርተው ስለሚቆሙ «ሪንግ» በደንብ ይስማማቸዋል፣ የግንቡ አጥር ግን ክፍተት ስለሌለው «ኢንክሎዝ» ይሻለዋል። በዓመታዊ በዓል ካህናቱ ታቦቱን አክብረው ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞሩ ግን ከእነዚህ አንዱም አይሆንም፤ እርሱ እንቅስቃሴ ነውና «ሰርክል» ብቻውን ይበቃል። ከበባ ወታደራዊ ሲሆን ደግሞ ጊዜን መለካት ያስፈልጋል። ፖሊስ አንድን ቤት ለአንድ ሰዓት ቢከብብ «ሰራውንድ» ነው፤ በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በመቀሌ ጣሊያኖች የመሸጉበትን እንዳ ኢየሱስን ከብቦ፣ ምንጩን ይዞ በውሃ ጥም ያስጨነቀበት ግን «ቢሲጅ» ነው። አማርኛው ለሁለቱም «ከበበ» ስለሚል፣ ተርጓሚው ጠላት ውሃ እስኪያልቅበት ተጠብቆ እንደሆነ ራሱን መጠየቅ አለበት።

ከሁሉም የሚያስደስተኝ ምርጫ የጉም ነው። በሐምሌ ጧት የእንጦጦ ጉም ወደ ሱሉልታ ሜዳ ሲወርድ፣ እንግሊዝኛ ጸሐፊ ቢያንስ አምስት ግሶችን ከፊቱ ያገኛል፣ እያንዳንዱም ስለ ጉሙ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ልብ ይናገራል። «ብላንኬት» ካለ ሰፊ፣ ወፍራምና እኩል የተዘረጋ ነገር አይቷል፤ ስሙ የመጣው ነጭ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ መጀመሪያ ነጭ የሱፍ ጨርቅ ነበርና፣ ጋቢያችን ጥጥ ቢሆንም ምስሉ ሩቅ አይደለም። ሜዳውን ያለበሰ በረዶም በዚሁ ግስ ይነገራል። መስከረም ሲጠባ ያንኑ ሜዳ የሚሸፍነው አደይ አበባ ግን ከላይ የወረደ ሳይሆን ከመሬት የበቀለ ስለሆነ «ካርፔት» ይሻለዋል። «ክሎክ» ያለ ጸሐፊ መደበቅን አስቧል፤ ቃሉ የካባ ስም ነው፣ ካባውም ስሙን ያገኘው ቅርጹ ደወል ስለሚመስል ነው። «ቬይል» ያለው ደግሞ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ሳሳ ያለ፣ ከኋላው ያለውን በከፊል የሚያሳይ ጉም አይቷል። «ኢንቬለፕ» የመረጠ ሰው ከሩቅ ሆኖ አይመለከትም፤ ከጉሙ ውስጥ ገብቷል፣ ከላይም ከታችም ከጎንም እርጥበቱ ይሰማዋል።

አምስተኛው «ሽራውድ» ነው፣ ስለ እርሱ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ልብስ ማለት ነበር፤ በኋላ ግን ለአስከሬን መጠቅለያ ተለየ፣ ክርስቲያኑ መግነዝ ሙስሊሙ ከፈን የሚለው ማለት ነው። ግስ ሲሆን ይህንን ጥላ ይዞ ይሄዳል። ተራራው በጉም ሲሰወር፣ አንድ ጉዳይ በምሥጢር ሲጋረድ ያምርበታል፤ የጨለመና የማይደረስበት ነገርን ይናገራልና። ነገር ግን አንዲት ተማሪዬ ስለ አያቷ ስትጽፍ፣ በማለዳ በጋቢ ተጀቡነው እሳት ዳር መቀመጣቸውን ለመግለጽ ከመዝገበ ቃላት ያገኘችውን ይህንኑ ግስ ተጠቀመች፤ አያትየው ቡና እየጠጡ ተገነዙ ማለት ነው። ለጀቦነ የሚቀርበው «ራፕ» ነው፣ ጨርቁ በርከት ብሎ በደረብ በደረብ የዞረ ከሆነ ደግሞ «ስዌዝ»። ከዚሁ ከ«ስዌዝ» ጋር የሚዛመደው «ስዋድል» ለሕፃን ብቻ የተለየ ነው፤ እጁንና እግሩን አጥብቆ መጠቅለልን ያመለክታል። ለአዋቂ ከተነገረ ያሾፋል።

የቀሩትን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። «ኮት» በአማርኛ ልብስ ብቻ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ግስ ሲሆን እንደ ቀለም፣ እንደ አቧራ ወይም እንደ ስኳር ስስ ሆኖ የሚጣበቅን ነገር ይመለከታል፤ በምርጊትና በለበጣ በኩል ያለ ነው። «ኢንኬዝ» ጠንካራ ሽፋንን ይፈልጋል፤ በቆዳ ተሰፍቶ የተዘጋ ክታብ፣ በብረት ቱቦ ውስጥ ያለ ሽቦ ይስማሙታል። «ኢንገልፍ» ከባሕረ ሰላጤ ወይም ከገደል ስም የወጣ ስለሆነ ይውጣል፤ ቤት በእሳት ሲዋጥ፣ መንደር በጎርፍ ሲዋጥ ይነገራል፣ ሰው በእጁ ሊያደርገው ግን አይችልም። ስለዚህ «ባለሙያው ምሰሶውን በቀለም» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኢንገልፍ»ን ማስገባት ምሰሶውን ማስጠም ነው።

ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚጨነቁ ሰዎች ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። «አባሪ» ለማለት «ኢንክሎዝድ» የሚባለው ወረቀቱ በእርግጥ በፖስታው ውስጥ አብሮ ሲታሸግ ነው፤ በኢሜይል ሲላክ «አታችድ» ይባላል፣ የተዘጋ ፖስታ የለምና። ሁለተኛው የፖስታው ስም ራሱ ነው፤ ስሙ «ኤንቨሎፕ» ሲሆን በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይጠብቃል፣ በጽሑፍም በመጨረሻ አንዲት ፊደል ትጨመርበታለች፤ ግሱ «ኢንቬለፕ» ግን ያችን ፊደል አይጽፍም፣ ድምፁም የሚጠነክረው በመካከሉ ነው። ያችን ፊደል በግሱ ላይ የጨመረ ሰው፣ ጉሙ ከተማዋን አለበሳት ለማለት ፈልጎ ጉሙና ፖስታው ከተማዋ ላይ አብረው ቆመው ያገኛቸዋል።